አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም

እትዬ ዘነበች ማረፋቸውን የሰማሁት ኦሎምፒያ ታክሲ ተሰልፌ ነው። ድሮ አብራኝ ትሠራ የነበረችው አልማዝ ከኋላ መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ። ጥቁር ሻሽ አስራለች።

“አንቺም ወደ ለቅሶው ነሽ?” አለችኝ።

“የማን ለቅሶ?”

ፊቴን አይታ ደነገጠች። “ውይ ብርቄ፣ አልነገሩሽም እንዴ? እትዬ ዘነበችን ትናንት ቀበርናቸው እኮ።”

ሰልፉ ወደ ፊት ሄደ፤ እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ “እህት፣ ትሄጃለሽ ወይስ ትቆሚያለሽ?” ሲለኝ አልማዝ ክንዴን ይዛ ከሰልፉ አወጣችኝ። ወደ ላንቻ በእግራችን ሄድን። አልማዝ መንገዱን ሙሉ ታወራለች፤ ስኳሩ እግራቸውን እንዴት እንደጨረሰው፣ በመጨረሻው ሳምንት ሰው መለየት እንዳቃታቸው፣ ቀብሩ ላይ ዝናብ እንደመጣ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሳይመለስላቸው ሄዱ ማለት ነው? አልማዝን ልጠይቃት አልቻልኩም። እሷ የምታውቀው እንደተመለሰላቸው ነው።

ድንኳኑ ሞልቷል። ሶስና ከፊት ቆማ ትናገራለች። ሶስናም የሥራ ባልደረባችን ነበረች፤ አሁን በአጥቢያዋ ትልቅ አገልጋይ ሆናለች። “እትዬ ዘነበች የጸሎት ሴት ነበሩ” አለች። “እኛ ስንወድቅ ያነሡን እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ጠላት በመንፈስ ድርቀት ሊይዛቸው ሞክሮ ነበር። ጾመን ጸልየን ጌታ ነጻ አወጣቸው፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው በድል ነው የኖሩት።” ሰዉ አሜን አለ። ሶስና አንገቷን ቀና ስታደርግ ከሰው መሃል አየችኝ።

“ብርቄ መጥታለች። ብርቄ እኮ የጸሎት ጓደኛቸው ነበረች። ተነሺ እስቲ፣ አንድ ነገር በይ።”

ተነሣሁ።

እትዬ ዘነበችን ያወቅኋቸው ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ተቀጥሬ ስገባ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ሰው ቤት ስሠራ ቆይቻለሁ። ሰው ሲያናግረኝ መልሱን የምናገረው ለገዛ ጉልበቴ ነበር። እትዬ ዘነበች የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይጠይቁኝ ከማድረቂያው የወጣ ትልቅ አንሶላ አነሡና ሁለቱን ጫፍ ሰጡኝ። “ያዢ” አሉ። የቀሩትን ሁለት ጫፎች ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ። ወጠርነው፣ አራገፍነው፤ ከዚያ ጫፍ ከጫፍ ለማገናኘት ወደ እኔ መጡ። እጃችን ሲነካካ “ማን ልበል?” አሉኝ።

“ብርቄ።”

“አልሰማሁም። በሚቀጥለው ትነግሪኛለሽ” ብለው ሌላ አንሶላ አነሡ። በሦስተኛው አንሶላ ላይ ሰሙኝ።

ሥራው እንዲህ ነበር። መራቅ፣ መወጠር፣ መቅረብ፣ እንደገና መራቅ። ማሽኑ ስለሚጮህ ርቀን ስንቆም አንሰማማም፤ የምናወራው ጫፎቹ ሲገናኙ ብቻ ነው። ስለዚህ የእትዬ ዘነበች ወሬ ሁሉ የመጣልኝ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ይሰጡኝና ይሄዳሉ፤ ተመልሰው ሲመጡ ሁለተኛውን ይጨምሩልኛል። አንዳንዷ ጎበዝ ነኝ ባይ አንሶላውን አገጯ ሥር ሸጉጣ ለብቻዋ ልታጥፍ ስትሞክር ዝም ብለው ያዩአታል። መሬት ሲነካና እንደገና ወደ ማጠቢያ ሲመለስ “አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ አልነገርኩሽም?” ይሏታል።

አጭር ናቸው፤ ክንዳቸው ወፍራም ነው። ግራ እጃቸው አንጓ ላይ ካውያ ያቃጠለው ጠባሳ አላቸው። ካውያው መጋሉን የሚያውቁት ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው በመንካት ነው፤ እኔ በየቀኑ አያለሁ፣ በየቀኑ እደነግጣለሁ። የተጨማደደ ሸሚዝ ሲገጥመኝና በጉልበት ስጫን እጄን ያዝ ያደርጉታል። “አትታገዪው። ውሃ ረጭ አድርጊበትና ጠብቂው። ጨርቅ ሲገፉት ይብስበታል።”

ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት የአንሶላ መጋዘኑ ውስጥ እንጸልይ ነበር። ስድስት ሴቶች ነን። ሶስና ትመራለች፤ ክፍል አጽጂ ናት፣ ድምፅዋ ያምራል፣ ለጌታ ያላት ፍቅር እውነተኛ ነው፤ ይህን የምለው በኋላ የሆነውን ስጽፍ ማንም እንዳይፈርድባት ነው። አልማዝ ኦርቶዶክስ ናት፤ ከእኛ ጋር አትጸልይም፣ ግን በሩ ላይ ትቆምልናለች። “እናንተ ጩኹ፤ አለቃ ሲመጣ እኔ እስላለሁ” ትለናለች።

በየተራ የጸሎት ርእሳችንን እንናገራለን፤ ባሏ የሚጠጣ አለች፣ ልጅ ያጣች አለች። ስንጸልይ እትዬ ዘነበች አንድ ልማድ ነበራቸው። የሚጸልየው ሰው ቃል ሲያጣ፣ ሲንተባተብ ወይም ለቅሶ ሲያንቀው፣ ገና ምንም ሳይባል “አሜን” ይላሉ። ሶስና አንድ ቀን ስቃ “እትዬ፣ ምን ተባለና ነው አሜን የሚሉት?” ብትላቸው “አሜን ለሚጸልየው ምርኩዝ ነው። ወድቆ ሳይሆን ሲንገዳገድ ነው የሚያቀብሉት” አሏት።

እኔ ድምፅ አውጥቼ ጸልዬ አላውቅም። ተራዬ ሲደርስ ከንፈሬን አንቀሳቅሼ “ጨርሻለሁ” እላለሁ። አልማዝ ከበሩ ላይ “የብርቄ ጸሎት እንፋሎት ነው፤ ድምፅ የለው፣ ዝም ብሎ ወደ ላይ” ስትል ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። እትዬ ዘነበች ግን ለእኔም ዝምታ አሜን ይሉ ነበር፤ ጮክ ብለው።

በየሦስት ወሩ ደግሞ የጸሎት ጓደኛ በእጣ እናወጣለን። የደንበኛ ልብስ እንዳይቀላቀል የክፍል ቁጥር የምንጽፍባት ትንሽ ነጭ ጨርቅ አለች፤ በሷ ላይ ስማችንን እንጽፍና የሶስና ሽርጥ ኪስ ውስጥ እንጨምራለን። ስሟ ለወጣልሽ ሴት ብቻ ትጸልያለሽ፤ የምትነግርሽን ለማንም አትናገሪም። ሕጉ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ታዲያ እጄን ስከት ዘነበች የሚል ወጣልኝ።

“አንቺማ ዐረፍሽ” አለች ሶስና። “ለእትዬ ምን ይጸለያል? እሳቸው ለአንቺ ይጸልዩልሽ እንጂ።”

ሁሉም ሳቀ። እትዬ ዘነበች አልሳቁም። የሽርጣቸውን ቋጠሮ ፈትተው እንደገና አሰሩት።

በማግስቱ አንሶላ ስናጥፍ፣ ጫፎቹ ሲገናኙ “የጸሎት ርእሴን አልጠየቅሽኝም” አሉኝ። ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ “ምን ልጸልይልዎት?” አልኳቸው።

“መጸለይ አቅቶኛል።”

ሄዱ። አንሶላውን ወጠርነው። የሰማሁትን በደንብ የሰማሁ አልመሰለኝም። ሲመለሱ “ደክሞዎት ይሆናል” አልኩ።

“ከፋሲካ ጀምሮ ነው። ከእናንተ ጋር ስሆን አፌ ይሄዳል፤ የለመደ አፍ ነው። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስንበረከክ ግን ግድግዳ ነው። ከማን ጋር እንደማወራ አላውቅም።”

ሌላ አንሶላ አነሣን። “ምን ሆነው ነው?” አልኳቸው፣ ጫፉን ስቀበል።

“እሱ እኮ ነው። ምንም አልሆንኩም። ባሌ ሲሞት ጸልያለሁ። ቤቴን ጎርፍ ሲገባው ውሃው ውስጥ ቆሜ ጸልያለሁ። አሁን ምን ጎደለኝ? ምንም ሳይጎድለኝ ጠፋብኝ። ሰው ዕቃ ሲጠፋው የት እንዳስቀመጠው ያስባል። እኔ የት ብዬ ልፈልግ?”

አንሶላውን ደርድረው ካስቀመጡ በኋላ ቆመው አዩኝ። “ብርቄ፣ ድምፅ አውጥተሽ ጸልዪልኝ። ሁላችሁም እየመጣችሁ ይጸልዩልን ትሉኛላችሁ፤ ለእኔ ግን ሰው ሲጸልይልኝ ሰምቼ አላውቅም። እኔ አሜን ልበል። አሜን ማለት ገና አልጠፋኝም።”

እሺ አልኩ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሁለታችን ብቻ መጋዘኑ ውስጥ ገባን። ተንበረከክን። እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው እንደ ካውያ ይሞቃል። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አለኝ፤ ሌሊቱን ሳዘጋጀው አድሬያለሁ። ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ቆመ። ጠበቁኝ። ከውጭ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። “አሜን” አሉ፤ እንደ ልማዳቸው ምርኩዙን አቀበሉኝ። ልይዘው አልቻልኩም።

“በልቤ ጸልዬልዎታለሁ” አልኩ በመጨረሻ።

“ልጄ፣ የልብሽን እኔ አልሰማውም” አሉ። አልተቆጡም። ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡና ወደ ካውያቸው ሄዱ።

ሌላ ቀንም ሞከርን። እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቁኝም። እኔ ግን በየቀኑ አያቸዋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ለሁሉም ይጸልያሉ፤ ያቺ ባሏ የሚጠጣው አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፤ እሳቸው ጀርባዋን እየደባበሱ ግድግዳውን ያያሉ። የሚያዩትን ግድግዳ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን የትራስ ልብስ አቃጠሉ። ካውያውን ረስተውት ቆመው ነበር። ሃያ ዓመት ሲተኩሱ ጨርቅ አቃጥለው አያውቁም ነበር፤ ቡናማውን የካውያ ቅርጽ አልማዝ እንኳ አልቀለደችበትም። ያን ቀን ፈራሁ። እኔ ምንም ላደርግላቸው ካልቻልኩ የምትችል ሰው ጋ ልሂድ ብዬ አሰብኩ። ከሥራ ስንወጣ ሶስናን ጠርቼ ነገርኳት። ድምፄ ያን ጊዜ ወጣ። ለእሳቸው ያልወጣው ድምፅ ለሶስና ወጣ።

ሶስና አለቀሰች፤ እውነተኛ ለቅሶ ነው። “ለምን ቶሎ አልነገርሽንም?” አለችኝ። በማግስቱ ሁሉም ሰምተዋል። ሦስት ቀን እህል ውሃ ሳይቀምሱ ጾሙ፤ እየሠሩ፣ አልጋ እያነጠፉ፣ የደረጃ ምንጣፍ እየጠረጉ። አንዷ ሦስተኛው ቀን ላይ አሳንሰሩ ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ግን ጾሟን አልፈታችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተያይዘን ላንቻ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድን።

በሩን ሲከፍቱ ሁላችንንም አዩ፤ ከዚያ እኔን። ከሁሉም ኋላ ነበርኩ። ዓይናቸው እኔ ላይ ትንሽ ቆየና “ግቡ፣ ግቡ” አሉ። “ሻይ ላፍላላችሁ።”

“እትዬ፣ ጾም ላይ ነን” አለች ሶስና። “ለእርስዎ ነው የመጣነው።”

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። እትዬ ዘነበችን በርጩማ ላይ አስቀመጧቸውና ዙሪያቸውን ቆሙ፤ እጃቸውን ራሳቸው ላይ፣ ትከሻቸው ላይ ጫኑባቸው። ጸሎቱ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየጨመረ ሄደ። ሶስና የድርቀትን መንፈስ በኢየሱስ ስም ገሠጸች፤ ልቀቃት አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ነጠላቸው ወደቀ፤ ፀጉራቸው ሲገለጥ አየሁት፤ ሽበታቸውን አይቼው አላውቅም ነበር። ጎረቤት በመስኮት ማየት ጀመረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ግቢና እጃቸውን ያዢ ይለኛል ልቤ፤ ግን መግቢያ አልነበረም፤ ሁሉም ቦታ እጅ ነው። ስንት እንደቆየ አላውቅም። ሶስና ድምፅዋ ሲሻክር፣ ላቧ ሲንጠፈጠፍ፣ እትዬ ዘነበች ቀና ብለው አዩአት። ያቺ ራሷን የሳተችው ልጅ ቅዳሜም ግድግዳ ተደግፋ ነበር የቆመችው፤ እሷንም አዩአት።

“ተመስገን” አሉ። “ቀለለኝ።”

እልል ተባለ። ተቃቀፍን። ከዚያ ሻዩ ተፈላ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው ለእያንዳንዷ በእጃቸው ሰጡ። ረቡዕ ዕለት ሶስና ምስክርነት እንዲሰጡ ጠየቀቻቸው። ቆመው “ደርቄ ነበር፤ እህቶቼ ጸለዩልኝ፤ ጌታ ይመስገን” አሉ። ሦስት አጭር ነገር። ከዚያ ቀን በኋላ ከሌላ ክፍልም፣ ከወጥ ቤትም፣ ሰው እየመጣ “እትዬ፣ እርስዎ አልፈውበታልና ይጸልዩልኝ” ይላቸው ጀመር።

እኔን ምንም አላሉኝም። አንሶላ እናጥፋለን፤ ጫፎቹ ይገናኛሉ፤ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ብዙ ቀን እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ጫፉን ስቀበል አልለቀቅኩትም።

“እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ምን አጠፋሽ? ጨንቆሽ ነው። እነሱም የሚያውቁትን አደረጉ።”

“እውነት ቀሎዎታል?”

ወደ ኋላ አልሄዱም። አንሶላው በመካከላችን መሬት ሊነካ ደርሷል። “ሦስት ቀን ምግብ አልበሉም እኮ ብርቄ” አሉኝ። “ያቺ ልጅ ልትወድቅብኝ ነበር። ቀለለኝ ካላልኩ ወደ ቤታቸው ሄደው የሚበሉ መሰለሽ? ምን ልበላቸው?”

ሳቅ ብለው ነበር ሲናገሩት። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ለአንድ ሰው ብቻ የከፈቱትን በር እኔ ለሁሉም ከፍቼ፣ ለሁሉም ዘግቼባቸዋለሁ። አሁን አቅቶኛል ቢሉ ለማን ይሉታል? ምስክርነት ሰጥተዋል።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። እትዬ ዘነበች ስኳር ታመው ከሥራ ወጡ፤ እኔ መስቀል ፍላወር ሌላ ሆቴል ገባሁ፤ መጠየቄም እየራቀ ሄደ። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር እሄዳለሁ እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፊታቸውን ማየት ያሳፍረኝ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ባለፈው ክረምት ነው። እግራቸው ተጠቅልሎ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል፤ ክንዳቸው የእሳቸው አይመስልም። ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ነበራቸው፤ ዝናብ ሳይመጣ አስገቢልኝ አሉ። ሳስገባ እጃቸውን ዘረጉ።

“አምጪ ሁለቱን ጫፍ። ለብቻሽ ልታጥፊው ነው?”

እሳቸው እንደተቀመጡ ያዙ። ወደ ኋላ ሄጄ ወጠርኩት፤ ከዚያ ወደ እሳቸው መጣሁ። ድሮ የሚመጡት እሳቸው ነበሩ። ጫፎቹ ሲገናኙ በዝግታ ጠየቅኳቸው።

“አሁንስ እትዬ?”

ምኑን እንደጠየቅኳቸው ወዲያው ገባቸው። “ያው ነው። ግድግዳ ነው። እግሬ እንቢ እስኪል ድረስ ግን ስንበረከክ ነበር። ምናልባት በዚያ በኩል ሰው ካለ፣ መምጣቴን ይወቅ ብዬ።”

አንሶላውን አልለቀቅኩም። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ “ጌታ ሆይ” አልኩ። ድምፅ ነበረው። እትዬ ዘነበች ቀና አሉ። “ጌታ ሆይ፣ እትዬ ዘነበች...” አልኩና ቆምኩ። ያ ሁሉ ያዘጋጀሁት ቃል ከብዙ ዓመት በፊት አልቋል። “እትዬ ዘነበች ቤት ናቸው” አልኩ። “ይጠብቁሃል።” ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣልኝም።

“አሜን” አሉ።

“ሌላ አላውቅም እትዬ።”

“አሜን” አሉ እንደገና። ጫፉን ከእጄ ተቀብለው የቀረውን ጉልበታቸው ላይ አጠፉት።

አሜን ያሉበት ድምፅ መጋዘኑ ውስጥ ለሚንተባተብ ሰው ሁሉ የሚሉበት ያው ድምፅ ነበር። ስለዚህ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጸሎቴ እሳቸው ጋ ደርሶ ይሁን፣ ወይስ እኔ ስንገዳገድ አይተው እንደ ልማዳቸው ምርኩዝ ሊያቀብሉኝ፣ አላውቅም። ተመልሼ እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ ክረምቱ አለፈ።

ድንኳኑ ውስጥ ሶስና ስትጠራኝ ይህን ሁሉ ልናገር ነበር የተነሣሁት። በድል አልኖሩም፣ ግድግዳ ፊት ተንበርክከው ነው የኖሩት ልል ነበር። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ እንደ ድሮው አልወጣ አለ። ቆሜ ጠበቅሁ፤ ምን እንደምጠብቅ የገባኝ ቆይቶ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ሰው ነበር፤ ብዙዎቹም የጸሎት ሰዎች ናቸው። ምንም ሳልናገር አሜን የሚለኝ ግን አልነበረም።

ተቀመጥኩ።